በቀኝ የተደረበ አንገትጌ

ሽማግሌው ሠዓሊ ናሚኪ ጆሱይ ብሩሹን እንደ ጨበጠ፣ ዝቅተኛው የሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ያገኘችው ሠራተኛው ኦኩማ ናት፤ ሲመሻሽ ፋኖስ ልታበራለት ገብታ። እሪታዋን ድልድዩ ላይ ዓሣ የሚሸጡት ሳይቀሩ ሰሙት። ኦኩማ እንኳን ሰው ሞቶባት፣ ሩዝ ሲያርርባትም ድምፅዋ ሰፈር ይቀሰቅሳል።

ሴት ልጁ ኦቶሴ የክረምቱ ዝናብ ጀርባዋን አርሶት፣ መግፋት የጀመረ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ስትደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዚያ ቤት ከወጣች ሁለተኛ ክረምቷ ነው። አባቷ ሳይፈቅድ እንጨት ቀራጩን ሳኪቺን፣ ሥዕል ለኅትመት ሰሌዳ ላይ የሚቀርጸውን፣ አግብታ የወጣች ዕለት፣ በሩ ላይ ቆማ «ከዛሬ ጀምሮ ሞታለች በለኝ!» ብላው ነበር። ሰው ሲናደድ ምን የማይለው አለ! እሷ ግን ያቺን ቃል አንድም ቀን አልረሳቻትም።

«ኦቶሴ፣ ሥዕሉን ባታዪው ይሻላል» አላት የአባቷ ደቀ መዝሙር ሺንሱኬ፣ ጠረጴዛውን በሰውነቱ እየከለለ።

አትይ የተባለ ሰው ምን ያደርጋል? ገፍታው አየች።

ቀለሙ ገና የደረቀ ሥዕል ነው። አንዲት ሴት ተቀምጣ ነጭ ጨርቅ ትሰፋለች። ፊቱ የኦቶሴ ነው፤ የአገጩ ሹልነት፣ ከዓይን ሥር ያለችው ጥቁር ነጥብ ሳትቀር፣ ጠዋት ጠዋት በእጅ መስተዋቷ ውስጥ የምታያት ራሷ ናት። ከዚያ ዓይኗ ወደ አንገትጌው ወረደ። የረጅሙ ልብሷ፣ የኪሞኖው፣ የቀኝ ጎን በግራው ላይ ተደርቧል።

እንደዚያ የሚለብስ ሕያው ሰው የለም። የግራው ጎን ከላይ ሲሆን የሰው ልብስ ነው፤ የቀኙ ከላይ ሲሆን የሬሳ። ይህን ገና አፉን የሚፈታ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፤ ቢሳሳት እናቱ እጁን ቸብ ታደርገዋለች።

«ነጩ ጨርቅ መግነዝ መሆኑ ነው» አለ ሺንሱኬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሥዕል መተርጎም ልማዱ ነው፤ በዚያች ሰዓት እንኳ አፉን መያዝ አቃተው። «መምህር ያለ ምክንያት አንዲት መስመር አይስሉም ነበር።»

«ሞታለች በለኝ ብዬው ነበር» አለች ኦቶሴ። «ይኸው፣ አለኝ።»

እዚያው ተቀመጠች። አባቷ እሷን ሬሳ አድርጎ እየሳለ፣ በዚያው ልቡ ቀጥ ብሎ እንደ ሞተ አልተጠራጠረችም። የገደልኩት እኔ ነኝ አለች በሆዷ። ባሏ ሳኪቺ ከኋላዋ ቆሞ ሥዕሉን ያይ ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት የከተማው መርማሪ ኢሶጋይ ጁቤይ መጣ፤ በድንገት የሞተ ሰው ሹም ሳያየው አይቀበርም። ጁቤይ ጥርሱን ታሞ ጉንጩ አብጧል፤ ስለዚህ የሚናገረው ሁሉ ቁጣ ይመስላል። ግማሹስ እውነትም ቁጣ ነበር።

ኦኩማ ሬሳውን አጥባ ነጭ ልብስ እያለበሰችው ነው። የቀኙን ጎን በግራው ላይ ስትደርብ ኦቶሴ ፊቷን አዞረች። ጁቤይ ተንበርክኮ የሽማግሌውን ጭንቅላት ቀስ አድርጎ አነሳና ጣቶቹን ከኋላ በኩል ጸጉሩ ውስጥ አስገባ።

«እትዬ ኦኩማ፣ ስታገኚው በፊቱ ነበር የተደፋው?»

«በፊቱ ነው ጌታዬ። ግንባሩ ጠረጴዛው ላይ።»

«ታዲያ እብጠቱ ለምን ከማጅራቱ በላይ ሆነ?»

«እኔ ምን አውቄ! ሳጥበው አየሁት፤ የቆየ መስሎኝ ነው።»

«የቆየ! እንቁላል የሚያህል እብጠት ይዞ ዝም የሚል ሽማግሌ ነበር?»

«ኧረ እሱስ ሻዩ ሲቀዘቅዝበትም ቤቱን ይገለብጠዋል» አለችና፣ ወዲያው እንባዋ መጣ።

ጁቤይ ክፍሉን ዞረ። ከጠረጴዛው ጀርባ ያለው የከሰል ማንደጃ ጠርዙ ብረት ነው። ጎንበስ ብሎ ምንጣፉን በጣቱ ዳሰሰና ጣቱን አየው፤ አመድ ነው። አመዱ ፈስሶ ነበር፤ አንድ ሰው ግን በጥድፊያ ጠርጎታል።

«ይሄን የጠረግሽው አንቺ ነሽ?»

«እሱ ሲሠራ መጥረጊያ ይዤ ልግባ? ነፍሴን አልጠላሁም ጌታዬ!»

«ትናንት ማን ማን መጣ?»

«ከምሳ በኋላ አሳታሚው ቶኩቤይ መጥቶ ሻይ ጠጥቶ ሄደ። ያኔ ጠረጴዛው ላይ ባዶ ወረቀት ብቻ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ ሳኪቺ መጣ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ። ትንሽ ቆየ፤ ሲወጣ ‹መምህር እየሳሉ ነው፣ ካልጠሩሽ አትግቢ› አለኝ። ሊመሽ ሲል ደግሞ ኦቶሴ በሩ ድረስ መጣች።»

ኦቶሴ ቀና አለች። «ልታረቀው ብዬ መጥቼ ሁለት ጊዜ ጠራሁት። ዝም ሲለኝ አኩርፎ መስሎኝ ተናድጄ ሄድኩ። ብገባ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር። ጥፋተኛ ብለው እኔን ይጻፉኝ ጌታዬ።»

«ዝም በይ እስቲ፣ የምጽፈውን እኔ አውቃለሁ» አላት ጁቤይ ጉንጩን ይዞ።

አሳታሚው ቶኩቤይ ወፍራም፣ ላቡን ሲጠርግ የሚውል ሰው ነው። ሥዕሉን ያዘዘው እሱ ነው፤ ከዚህ በፊት ተስሎ ለመቀረጽ የተሰጠውን የመጀመሪያውን ግን ከፍቶ አላየውም።

«ሽማግሌው ጠቅልሎ በወረቀት አሽጎ ሰጠኝ። ‹ሳትከፍት ለሳኪቺ ስጠው፣ እሱ ይቅረጸው› አለኝ። ለሳኪቺ! ስሙን እንኳ መስማት የማይወደውን ሰው! ይታረቁ ይሆናል ብዬ ደስ አለኝ። መልኩን ያየሁት ትናንት ማታ ከሬሳው ጋር ነው፤ ምነው ባላየሁት።»

ሺንሱኬ ቀለም ሊገዛ ወጥቶ እንደነበር፣ ሲመለስም በጓሮ በኩል ገብቶ መተኛቱን ተናገረ። ያየው ሰው የለም። የመምህሩን ስም የሚወርሰው እሱ ነው፤ የጓሮው በር ደግሞ ለሥራ ክፍሉ ሁለት እርምጃ ነው። ጎረቤቱ ከጠዋት ጀምሮ እሱን በጎሪጥ ማየት ጀምሯል።

ሳኪቺ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መለሰ። «የመጀመሪያውን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ለጥፌ እየቀረጽኩ፣ ጸጉሩ ጋ ስደርስ ቢላዬ ሳተኝ ጌታዬ። ሥዕሉ ከእንጨቱ ጋር ስለሚቀረጽ ሌላ ቅጂ የለውም። ሰሌዳውን ይዤ መጥቼ ይቅርታ ጠየቅኩ። ‹ግድ የለም፣ ደግሜ እስለዋለሁ› አሉኝ። ቀለም ሲፈጩ ትቻቸው ወጣሁ።»

«ሰሌዳውስ?»

«ፊቱን በመላጊያ ላግኩት። የቼሪ እንጨት ውድ ነው፣ አይጣልም።»

«ሺንሱኬ፣ እንዲህ ያለ ሥዕል ለመምህርህ ምን ያህል ይፈጅበታል?»

«ከምሳ እስከ ምሽት ጌታዬ። ከዚያ አያንስም።»

እንግዲህ ሥዕሉ ራሱ ለሳኪቺ መሰከረለት። እሱ ሲወጣ ያልተጀመረ ሥዕል ማታ አልቆ ከተገኘ፣ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ ብዙ ቆይቷል ማለት ነው። ኦቶሴ ይህን ስትሰማ እፎይ አለች። ቀጥሎ ደግሞ ለምን እፎይ እንዳለች ራሷን ጠየቀችና ጥያቄውን አልወደደችውም።

ጁቤይ ሥዕሉን ወደ መስኮቱ ወስዶ ቆየ። ከዚያ «ኦቶሴ፣ ነይ እስቲ። ፊትሽን ወደ ብርሃኑ አዙሪ» አላት። አፍጥጦ አያት። «መርፌ በየትኛው እጅሽ ነው የምትይዢው?»

«በቀኝ። ምነው?»

«ምንም። ሁላችሁም ከሰዓት በኋላ እዚሁ ተሰብሰቡ።»

ኦቶሴ በሬሳው ፊት የሚቀርበውን ሩዝ ልታመጣ ወደ ቤቷ ሄደች። የሩዙን ሣጥን ወደ ግድግዳው ስትገፋው አልሄድላት አለ። እጇን ከኋላው ሰደደች። ጨርቅ ነው፤ በጨርቁ ውስጥ ክብደቱን በደንብ የምታውቀው ነገር አለ። የቀራጭ ሚስት ሰሌዳ ሳትፈታው ታውቃለች። ጠርዙን በጨርቁ ላይ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ፊቱ አልተላገም፣ መስመሮቹ እንዳሉ ናቸው።

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ላግኩት ብሎ ነበር። ለምን ዋሸ? ሌላም ነገር ትዝ አላት፤ ትናንት ሲገባ ጣቶቹ በቀለም ጠቁረው ነበር። ቀራጭ እጁን ቢላ ይቆርጠዋል እንጂ ቀለም አይነካውም። አይታ ዝም አለች፤ እጅጌውንም ራሷ አጠበችለት። ከሬሳው ቤት ተመልሳ ሌሊቱን ሁሉ ስለ አባቷ እርግማን ያለቀሰችው፣ ስለ ሌላው ላለማሰብ እንደሆነ አሁን ገባት። በራሷ አፈረች። ሰሌዳውን ሳትፈታ ከሩዙ ጋር በአንድ ጨርቅ ቋጠረችውና ወጣች። ምን እንደምታደርግበት ግን ገና አልወሰነችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም በሥራ ክፍሉ ተቀመጡ። ሬሳው በቀጭኑ መጋረጃ ማዶ ነው። ጁቤይ ሥዕሉን መሐል ላይ ዘረጋው።

«ሠዓሊ ቤት ሲገባ ሰው ሁሉ ተርጓሚ ይሆናል» አለ። «ጥድ አየ፣ ረጅም ዕድሜ ነው ይላል። ሽመላ አየ፣ ለሠርግ ነው ይላል። እኔም ትናንት የሰማሁትን ይዤ፣ አንገትጌው እርግማን ነው ብዬ ነበር የመጣሁት። ከዚያ መርፌውን አየሁ። ሴትዮዋ በግራ እጇ ነው የያዘችው። ሺንሱኬ፣ ሙት ግራኝ ይሆናል የሚል ትርጉም ታውቃለህ?»

«ኧረ ሰምቼም አላውቅ።»

«እኔም። ኦቶሴ፣ ነጥብሽ ከየትኛው ዓይንሽ ሥር ናት?»

ጣቷ ሳታስበው ከግራ ዓይኗ ሥር አረፈ።

«ሥዕሉ ላይ ግን ከቀኟ ሥር ናት።»

«እንዴ! ቁርጥ እኔን መስላ ነው የታየችኝ እኮ!»

«አንቺማ ራስሽን የምታውቂው በመስተዋት ነው፤ መስተዋት ገልብጦ ያሳይሻል። አባትሽ ግን ፊት ለፊት ሲያይሽ ነው የኖረው። የልጁን ነጥብ ቦታ የሚሳሳት ሠዓሊ የለም። እንግዲህ የተገለበጠው አንገትጌው ብቻ አይደለም፣ ሥዕሉ በሙሉ ነው። እርግማን የለም፤ ምልክትም የለም። ይሄን ሥዕል ጆሱይ አልሳለውም።»

ሁሉም ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ። ከሁሉም ፊት ኦኩማ ነበረች።

«ሥዕል ግልብጥ ሆኖ የሚገኘው የት ነው? ሰሌዳ ላይ» አለ ጁቤይ። «ወረቀቱ በፊቱ ተደፍቶ ይለጠፋል፣ ከነጥቁር መስመሩ ይቀረጻል። ግልብጡ ሲታተም ይቃናል። አንድ ሰው ያንን ሰሌዳ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አኑሮ፣ ስስ ወረቀት ጣል አደረገበት፤ ከሥር የሚታየውን መስመር በብሩሽ ተከተለው። ለዚያ ግማሽ ቀን አያስፈልግም። ለምን አደረገው? እሱ ከወጣ በኋላም ሽማግሌው በሕይወት ኖሮ፣ ተቀምጦ የሳለ እንዲመስል። እብጠቱ ግን ከኋላ ነው። ተገፍትሮ ማንደጃው ላይ ወድቆ ነው የሞተው፤ ከዚያ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደፉት።»

«እኔ ብሩሽ መያዝ አልችልም!» አለ ቶኩቤይ ላቡን እየጠረገ።

«ማን አንተን አለ? ሺንሱኬ ደግሞ ብሩሽ ይችላል፤ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንገትጌ ሲስል ያደገ ሰው አንገትጌውን እንደ ሬሳ ደርቦ ሳያስተውል አይቀርም። ይሄን ስህተት የሚሠራ አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን አንገትጌ እንጨት ላይ ያየ ሰው። ለእሱ ዓይን ግልብጡ ነው ትክክል። ሥዕሉ ፊርማ የለውም፣ ማኅተም ብቻ ነው ያለው። ፊደል እንጨት ላይ እንደሚገለበጥ ቀራጭ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ፊርማውን ተወው። አንገትጌውን ግን አልጠረጠረውም።»

ሁሉም ወደ ሳኪቺ ዞሩ። ሳኪቺ ፊቱ አመድ መስሏል፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ሰሌዳው የለም። ላግኩት ብያለሁ። ሰሌዳ ከሌለ ይሄ ሁሉ ወሬ ነው ጌታዬ።»

ጁቤይ ጉንጩን ይዞ ተነፈሰ። «እውነት ነው። ሰሌዳው ካልተገኘ ዳኛው ፊት አፌን ይዤ መቆሜ ነው።»

የኦቶሴ ቋጠሮ ጭኗ ላይ ነበር። ዝም ብትል ባሏ ከእሷ ጋር ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ልጇም አባት ይኖረዋል። አባቷ እንዳልረገማት ግን ማን ያረጋግጥላታል? ጁቤይ ጎበዝ ተናጋሪ ነው፤ ንግግር ግን ንግግር ነው። ሌሊት ስትነቃ ያ ሥዕል ይመጣባታል። ሕፃኑም ቀና ብሎ «አያቴ እንዴት ሞተ?» ብሎ ይጠይቃታል። ደግሞስ የሚያጎርስህ ያ እጅ ነው የገደለው ትበለው? እጇ ቋጠሮውን ሲፈታ እሷ ገና እያሰበች ነበር።

«ከሩዝ ሣጥኑ ኋላ ነው ያገኘሁት» አለች። «ትናንት ሲገባ ጣቱ ቀለም ነበር። እጅጌውን እኔ ነኝ ያጠብኩት።»

ሳኪቺ ዓይኑን ጨፈነ።

ሺንሱኬ ሰሌዳውን ቀለም ቀባው፣ ወረቀት አለበሰው፣ በቀርከሃ ቅጠል በተሸፈነው ማሻ አሸው። ወረቀቱን ከጥጉ ይዞ ገለጠው።

ሴትዮዋ ተቃንታ ወጣች። የግራው ጎን በቀኙ ላይ፣ መርፌው በቀኝ እጇ፣ ነጥቧ በቦታዋ። ከጆሮዋ በላይ ጸጉሩ ውስጥ ቢላው የሳተበት አንዲት ነጭ ጭረት አለች፤ ልብ ብለው ካላዩዋት የማትታይ። ጭኗ ላይ ያለው ጨርቅ ግን ነጭ አይደለም። ከዳር እስከ ዳር የቃጫ ቅጠል ጥለት ነው፣ ኮከብ በኮከብ። ቅርጹም ተለይቶ ታየ፤ ሁለት እጅጌ አለው፣ እጅጌው መዳፍ አያክልም። ቃጫ ሳይጎብጥ ቶሎ ስለሚያድግ፣ ያንን ጥለት ለሚወለድ ሕፃን ነው የሚሰፉት።

«የሕፃን ልብስ ነው» አለ ሺንሱኬ። «እኔ ነኝ መግነዝ ያልኩሽ። አፌን ይቁረጠው።»

ኦኩማ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ማርገዝሽን የነገርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ፊቱን አዞረብኝ። በማግሥቱ ወረቀት አምጪ አለኝ፤ እየሳለ ያንጎራጉር ነበር። ‹ታትሞ እስኪደርሳት ትንፍሽ እንዳትይ› ብሎ አስማለኝ። ምናለ በነገርኩሽ! ምናለ!»

ሳኪቺ ወረቀቱን እያየ ቀስ ብሎ ተናገረ። «ጭረቷን ሲያያት ‹ልጄን ሁለት ጊዜ አበላሸሃት› አለኝ። ሰሌዳውን ሊነጥቀኝ ተነሳ፣ ገፋሁት። መግፋት ብቻ ነው። ሲወድቅ ድምፁን ሰማሁ። ሰው ልጥራ ብዬ ነበር፤ ፈራሁ። ከዚያ ሥዕሉን ለመሥራት ተቀመጥኩ፣ እሱ አጠገቤ ተጋድሞ።»

«ጨርቁን ለምን ነጭ አድርገህ ተውከው?» አለችው ኦቶሴ።

«ኮከቡ ብዙ ነው። ጊዜ አልነበረኝም።»

«እያንዳንዷን የቀረጽካት አንተ ነህ። የማን ልብስ እንደሆነ አልገባህም?»

«ጥለት መስሎኝ ነው። እኔ መስመሩን ነው የማየው ኦቶሴ። ልጄን ይወደዋል ብዬ በምን ላስብ? ሰላምታ እንኳ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

ጁቤይ ገመዱን አወጣ፤ ሲያስር አላጠበቀውም። የሚስቱን አባት የገደለ ሰው ምን እንደሚጠብቀው በዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ኦቶሴ አባቷ እንዳልረገማት አወቀች፤ ደስታው ግን ሊመጣላት አልቻለም። ባሏን ለሞት የሰጠችው በገዛ እጇ ነው።

«ሳኪቺ፣ እኔ ነኝ ያስያዝኩህ» አለች። «ስደበኝ። አንድ ነገር በለኝ።»

ሳኪቺ በሩ ላይ ዞረ። ዝናቡ ከኋላው ይወርዳል።

«ደግ አደረግሽ» አላት። «ሰሌዳውን ልልገው ሁለት ጊዜ መላጊያ አንስቼ ነበር። ያንቺ ፊት ስለሆነ አቃተኝ።»

ቢረግማት ትችለው ነበር። ኦኩማ ደግፋ እስክታስቀምጣት ድረስ ኦቶሴ በሩን ይዛ ቆማ ጮክ ብላ አለቀሰች።